የሒሳብ ስሕተት ከወዴት ይመጣል

ሰው ያለውን ነገር በቁጥር ካልለካው መጠኑን አያውቀውም፤ መጠኑን ያላወቀውንም ነገር ሊጠብቀው አይችልም። ገበሬ የዘሩን፣ ነጋዴ የትርፉን፣ ዳኛ የወራሾችን ድርሻ፣ ሐኪም የመድኃኒቱን ልክ፣ መሐንዲስ የድልድዩን ሸክም፣ ካህንም የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን የሚያውቀው በሒሳብ ነው። ስለዚህ ሒሳብ ለአንድ ወገን ብቻ የተሰጠ ዕውቀት ሳይሆን ለመንግሥት ሥራም፣ ለቤተ ክህነትም፣ ለቤተሰብ ኑሮም የሚያስፈልግ መሆኑን የሚክድ ሰው አይገኝም።

ነገር ግን ልጆቻችን በሒሳብ ሲሳሳቱ ባየን ጊዜ ከአፋችን የሚወጣው ቃል ከሁለት አያልፍም፤ ይኸውም «ሰነፍ ነው» ወይም «አእምሮው አይቀበልም» የሚል ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት ከ100 4 እንኳ ሳይሞሉ በቀሩ ጊዜ ብዙ ሰው ደነገጠ። ይህ ውጤት የትምህርቱ ሁሉ ድምር እንጂ የሒሳብ ብቻ አልነበረም፤ ሒሳብ ግን ተማሪዎች ከሚፈሯቸው ትምህርቶች ዋነኛው መሆኑን ወላጅ ሁሉ ያውቃል። ያን ጊዜ ስንቱ ወደቀ ብለን ቈጠርን፤ የወደቀው ተማሪ ምን ብሎ ጽፎ እንደ ወደቀ የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን።

እኛ እንደምናስበው ከተማሪ ስሕተት የሚበዛው ክፍል ከስንፍና ወይም ከአእምሮ ማነስ የመጣ አይደለም፤ ተማሪው ደንቡን ተምሮ የደንቡን ምክንያት ሳይማር ከመቅረቱ የመጣ ነው እንጂ። በአገራችን የቀድሞ ትምህርት ንባብ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ትርጓሜም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ዳዊትን በቃሉ የደገመ ሕፃን ትርጓሜ ዐወቀ አይባልም፤ ምስጢሩን ለማወቅ የፈለገ እንደ ሆነ ወደ ትርጓሜ ቤት መሄድ አለበት። በሒሳብ ትምህርት ግን ንባቡን ያወረደውን ተማሪ ትርጓሜውን እንዳወቀ ቈጥረን ወደሚቀጥለው ክፍል እናሳልፈዋለን። ስሕተቱም የሚበቅለው ከዚህ ላይ ነው። ይህንንም በምሳሌ እናስረዳለን።

አንድ ተማሪ ከ403 ላይ 158 ቀንስ ተብሎ 355 ብሎ ቢጽፍ፣ ሁለተኛውም ተማሪ 345 ብሎ ቢጽፍ፣ እውነተኛው መልስ 245 ስለ ሆነ መምህሩ ሁለቱንም በቀይ ቀለም ይሰርዛቸዋል። ሁለቱም ዜሮ ያገኛሉ፤ ሁለቱም ሰነፎች ይባላሉ። ነገር ግን ሥራቸውን ቀርቦ የመረመረው ሰው የሁለቱ ሕመም የተለያየ መሆኑን ያገኛል። የመጀመሪያው ተማሪ ከ3 ላይ 8 አይነሣም ብሎ ከ8 ላይ 3 ቀነሰና 5 ጻፈ፤ ከ0 ላይም 5 አይነሣም ብሎ ከ5 ላይ 0 ቀነሰና 5 ጻፈ፤ ከ4 ላይ 1 ቀንሶ 3 ጻፈ። ይህ ልጅ ደንብ አላፈረሰም። በመጀመሪያው ዓመት «ሁልጊዜ ከትልቁ ላይ ትንሹን ቀንስ» ተብሎ የተማረውን ቃል ጠብቆ ሠራ እንጂ።

ሁለተኛው ተማሪ ግን መበደር እንዳለበት ያውቃል። 3ቱን 13 አደረገው፤ 0ውንም 9 አደረገው፤ ነገር ግን ያበደረውን 4 ወደ 3 ዝቅ ማድረግን ረሳ፤ ወይም ማድረግ እንዳለበት ከቶ አልተረዳም። ይህን ልጅ በገንዘብ ብናስረዳው ወዲያው ይገባዋል። 4 ባለ መቶ ብርና 3 ባለ አንድ ብር የያዘ ሰው አንዱን ባለ መቶ ሲዘረዝረው በእጁ የሚቀረው ባለ መቶ 3 ነው። ተማሪው ግን ዝርዝሩን ተቀብሎ ባለ መቶውን ሳይሰጥ ቀረ፤ ስለዚህ ከየትም ያልመጣ 100 ብር በእጁ ተገኘ። መልሱ ከእውነተኛው በ100 የበለጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ለመጀመሪያው ተማሪ የሚሰጠው ምክር ለሁለተኛው አይጠቅምም፤ የሁለተኛውም ለመጀመሪያው አይጠቅምም። ሁለቱን በአንድ ቀይ መስመር ማለፍ ግን ሆዱን ለሚያመውና ዓይኑን ለሚያመው ሰው አንድ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው።

ይህን ነገር በጥንቃቄ የመረመሩ ሊቃውንት አሉ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1978 ጆን ሲሊ ብራውንና ሪቻርድ በርተን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በመቀነስ ሒሳብ የሚደረጉትን ስሕተቶች በየዓይነታቸው ለይተው ጻፉ። ጽሑፋቸው ያስረዳው ነገር፣ በችኮላ የተጻፈ የሚመስለው መልስ ብዙ ጊዜ ተማሪው ሳያዛንፍ ከሚከተለው አንድ ጠማማ ደንብ የሚመጣ መሆኑን ነው። ደንቡን ያወቀ ሰውም ተማሪው በሚቀጥለው ጥያቄ ምን ብሎ እንደሚሳሳት አስቀድሞ ሊናገር ይችላል። አስቀድሞ ሊነገር የሚቻል ስሕተት ደግሞ ሥርዓት ያለው ነው፤ ሥርዓት ያለው ነገርም ከስንፍና አይወለድም።

እርግጥ ነው፤ ከስንፍናና ከችኮላ የሚመጣ ስሕተትም አለ። ይህንንና ያንን ለመለየት ግን ብዙ ድካም አያስፈልግም። ለተማሪው በአንድ ዓይነት የተሠሩ 5 ጥያቄዎችን መስጠት ይበቃል። ከ5ቱ በአንዱ ብቻ ቢሳሳት እጁ ስቶት ነው፤ በ5ቱም በአንድ መንገድ ቢሳሳት ግን ያመነበት ነገር አለ። የመጀመሪያው «ተጠንቀቅ» ቢባል ይበቃዋል። ሁለተኛውን ግን ቀኑን ሙሉ ተጠንቀቅ ብንለው አይጠቅመውም፤ እርሱ ተጠንቅቆ ነውና የተሳሳተው።

ይህ ነገር በዘመናዊ ትምህርት ቤት ብቻ የሚገኝ አይምሰለን። የባሕረ ሐሳብን ቍጥር ለሚያውቁ ካህናት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ከቤታቸው ይገኛል። የ2017 ዓ.ም. አጽዋማትና በዓላት እንዴት እንደሚወጡ እንመልከት። 5500ን ከ2017 ጋር ብንደምር ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ ከዚያም አንዱን ትቶ 11 ወንበር ይባላል። ወንበሩ በጥንተ አበቅቴ በ11 ተባዝቶ 121 ሲሆን በ30 ተገድፎ 1 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። እንደዚሁም ወንበሩ በጥንተ መጥቅዕ በ19 ተባዝቶ 209 ሲሆን በ30 ተገድፎ 29 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለ በለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ቀን ረቡዕ ዋለ። የረቡዕ ተውሳክ 4 ስለ ሆነ ከ29 ጋር ሲደመር 33 ይሆናል፤ ከ30 ሲገደፍ መባጃ ሐመሩ 3 ነው። ጾመ ነነዌም የካቲት 3 ቀን ሰኞ ገባ፤ ትንሣኤም ሚያዝያ 12 ቀን ሆነ።

አሁን አንድ ደቀ መዝሙር «አንዱን ትተህ» የሚለውን ቃል ረሳ እንበል። ወንበሩን 11 በማለት ፈንታ 12 ይለዋል። አበቅቴው 12፣ መጥቅዑም 18 ይወጣለታል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆን እንዳለባቸው ተምሯልና 12ንና 18ን ቢደምር 30 ያገኛል፤ ልቡም ይረካል። መስከረም 18 ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው፤ ድምሩም 26 ይሆናል። እንግዲህ ነነዌ ጥር 26 ቀን ይገባል ይላል። ጥር 26 ቀንን ቢመለከት ሰኞ ሆኖ ያገኘዋል። ነነዌም ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ ውስጥ መግባት ይገባዋልና ይህም ተስማማለት። ማረጋገጫው ሁሉ «ልክ ነህ» አለው፤ ጾሙ ግን በአንድ ሳምንት ቀድሞ ገባ፤ ትንሣኤም ሚያዝያ 5 ቀን ሆነ።

ይህን ልጅ ምን ያድነዋል? ደንቡን ደጋግሞ ማስጠናት አያድነውም፤ ማረጋገጫዎቹን ሁሉ ያውቃቸዋልና። የሚያድነው ምክንያቱን ማወቅ ብቻ ነው። አንዱ የሚተወው የያዝነው ዓመት ገና ስላልተፈጸመ ነው፤ ወንበር የሚቈጥረው የተፈጸሙትን ዓመታት ነውና። አበቅቴ በ11 የሚባዛውም የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ሆኖ በመካከላቸው የ11 ቀን ልዩነት ስላለ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ዘወትር 30 የሚሞሉትም 11ና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ ነው፤ ስለዚህ በየትኛውም ቁጥር ቢያባዟቸው፣ ወንበሩ ልክ ቢሆንም ባይሆንም፣ ድምሩ ከዚህ አይወጣም። ይህን ያወቀ ደቀ መዝሙር የ30ው ድምር የማባዛቱን ስሕተት እንጂ የወንበሩን ስሕተት ሊገልጥለት እንደማይችል ይረዳል። ትርጓሜ የሌለው ንባብ በሒሳብ የሚያመጣው ጉዳት እንዲህ ያለ ነው፤ ስሕተቱ የእውነት ልብስ ለብሶ ይመጣል።

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ በቦታው እውነት የነበረውን ደንብ ወደማይገባው ቦታ ተሸክሞ መሄድ ነው። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሙሉ ቁጥር ሲሠራ ከአንድ በሚበልጥ ቁጥር ማባዛት ሲያበዛ፣ ማካፈል ሲያሳንስ ያያል፤ ይህንም እንደ ሃይማኖት ይይዘዋል። ኋላ 8ን በግማሽ አባዛ ሲባል መልሱ 4 መሆኑን ሊቀበል አይወድም፤ «ማባዛት እንዴት ያሳንሳል?» ይላል። እንደዚሁም 25 ከ5 እንደሚበልጥ ስለሚያውቅ 0.25 ከ0.5 ይበልጣል ይላል። ይህ በክፍል ውስጥ ሲሆን አንድ ነጥብ ያስቀራል፤ በሐኪም ወይም በመድኃኒት ቀማሚ እጅ ሲሆን ግን በአንዲት ነጥብ መዛወር የመድኃኒቱ ልክ 10 እጥፍ ሊሆን ይችላል።

የክፍልፋይ ስሕተትም እንደዚሁ ነው። ግማሽንና ሲሶን ደምር የተባለ ተማሪ የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምሮ ከአምስት እጅ ሁለቱ ነው ይላል። ይህ ልጅ መደመርን አላጣውም፤ ነገር ግን ክፍልፋይ ሁለት ቁጥር ሳይሆን አንድ መጠን መሆኑን አልተነገረውም። ግማሽ እንጀራ ያለው ሰው ሌላ ሲሶ እንጀራ ቢጨመርለት ከግማሽ የሚያንስ እንጀራ ይተርፈዋልን? አንድ ጊዜ በእንጀራ ቢያየው በመልሱ ራሱ ይስቅበት ነበር። ከአምስት እጅ ሁለቱ ከግማሽ ያንሳልና።

ይህም ድካም የእኛ ልጆች ብቻ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1978 በአሜሪካ አገር በተደረገው ብሔራዊ ምዘና ለ13 ዓመት ልጆች አንድ ጥያቄ ቀረበላቸው። ይኸውም ከ13 እጅ 12ቱና ከ8 እጅ 7ቱ ቢደመሩ ለየትኛው ቁጥር ይቀርባል? 1 ነው፣ 2 ነው፣ 19 ነው ወይስ 21? የሚል ነበር። እያንዳንዱ ለ1 የቀረበ ስለ ሆነ መልሱ 2 ነው። ነገር ግን 2 ብለው የመለሱት ከ100 24ቱ ብቻ ነበሩ፤ ከግማሽ የሚበልጡት 19 ወይም 21 አሉ። 19 የላዮቹ ድምር፣ 21 የታቾቹ ድምር ነው። በሀብት ከዓለም ፊተኛ በሆነ አገር እንዲህ ከሆነ፣ የልጆቻችንን ስሕተት ከዘራቸው ወይም ከአእምሯቸው የመጣ አድርጎ መቍጠር ትልቅ በደል ነው።

ሦስተኛው ምንጭ ጥያቄውን አለማንበብ ነው። አለማንበብ ስንል ፊደሉን አለመቍጠር ማለታችን አይደለም። ተማሪው ቁጥሮቹን ከቃሉ መካከል ለቅሞ ወዲያው ወደ መደመርና ወደ መቀነስ ይሮጣል ማለታችን ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1979 በፈረንሳይ አገር በግሬኖብል ከተማ ያሉ የሒሳብ ትምህርት መርማሪዎች ለሕፃናት እንዲህ የሚል ጥያቄ አቀረቡ፤ «በአንድ መርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች አሉ፤ የመርከቡ አዛዥ ዕድሜ ስንት ነው?» ከ97 ሕፃናት 76ቱ በቁጥሮቹ ሠርተው የአዛዡን ዕድሜ ተናገሩ። እነዚህ ሕፃናት ሞኞች አልነበሩም። ትምህርት ቤት ውስጥ ጥያቄ ሁሉ መልስ እንዳለው፣ መልሱም በጥያቄው ውስጥ ካሉት ቁጥሮች እንደሚወጣ፣ ዝም ማለት ግን እንደሚያስቀጣ ተምረው ነበር እንጂ። በዚያም በአሜሪካ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1983 በታተመው ምዘና 1128 ወታደሮችን ለማጓጓዝ እያንዳንዱ 36 ሰው የሚይዝ ስንት አውቶቡስ ያስፈልጋል ተብሎ ተጠየቀ። ከ100 70 ያህሉ ማካፈሉን ልክ ሠሩ፤ 32 አውቶቡስ ብለው የመለሱት ግን ከ100 25 አልሞሉም። ሌሎቹ 31 ወይም 31 ከ12 ቀሪ ብለው ጻፉ። የቀሩት 12 ወታደሮች በመንገድ እንደ ቀሩ አላሰቡም።

በአገራችን በዚህ ላይ የቋንቋ ችግር ይጨመርበታል። «አልማዝ 12 ብር አላት፤ ይህም ካሳ ካለው በ5 ይበልጣል፤ ካሳ ስንት አለው?» ቢባል «ይበልጣል» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ 17 የሚል ተማሪ በአፍ መፍቻ ቋንቋውም ቢሆን አይታጣም፤ መልሱ 7 ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ የሁለተኛ ደረጃ ግን በእንግሊዝኛ እንዲሆን ወሰነ፤ በሁለተኛ ደረጃ ዛሬም ሒሳብ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ ልጁ አልጀብራ የሚባለውን አዲስ ትምህርት በሚጀምርበት ዘመን ቋንቋውንም ይለውጣል። በዚህ ጊዜ የሚያውቀውን አንድ ቃል ይዞ የቀረውን በግምት ቢሞላው ምን ያስደንቃል? የቋንቋን ድካም የሒሳብ ድካም ብሎ መፍረድ ግን ትክክለኛ ፍርድ አይደለም።

ቋንቋና ሒሳብ የሚጋጩበት ሌላም ስፍራ አለ፤ ይህም የበረቱትን ሳይቀር ያሰናክላል። «ለእያንዳንዱ መምህር 6 ተማሪዎች አሉ» የሚለውን ቃል በአልጀብራ ጻፉ ቢባል፣ የተማሪዎቹን ቁጥር ተ፣ የመምህራኑን ቁጥር መ ብሎ ብዙ ሰው «6 ጊዜ ተ ከመ ጋር እኩል ነው» ይላል። ቃሉ የመጣበትን መንገድ ተከትሎ ጽፎታልና ልክ ይመስለዋል። ነገር ግን መምህራኑ 10 ቢሆኑ ተማሪዎቹ 60 ናቸው፤ 60ን በ6 አባዝቶ 10 የሚያገኝ ማነው? በመምህራኑ ቁጥር ላይ ነው 6 መባዛት የነበረበት። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1981 በታተመ ምርመራ፣ ይህን የመሰለ ጥያቄ ከቀረበላቸው የመጀመሪያ ዓመት የምሕንድስና ተማሪዎች ከ100 37ቱ ተሳሳቱ። የምሕንድስና ተማሪ ሰነፍ ነው የሚል ሰው የለም፤ እንግዲህ ስሕተቱ ከሌላ ስፍራ መምጣቱ ግልጽ ነው።

አራተኛው ምንጭ ፍርሃት ነው። የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ ይዞ ሊያስብበት የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። ስለ ነገ ቍጣና ስለ ጓደኞቹ ሣቅ የሚያስብ ተማሪ ከዚህ ጥቂት ስፍራ እኩሌታውን ለፍርሃቱ ሰጥቶታልና ለሒሳቡ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ከዚህም የከፋው፣ ስሕተት የሚያስቀጣ ከሆነ ተማሪው ስሕተቱን መሸሸግ ይማራል። ከጎረቤቱ ይቀዳል፤ ያልገባውን ገብቶኛል ይላል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? መድኃኒቱ ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም፤ በቅኔ ቤታችን ይገኛል። በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ይናገራል፤ መምህሩም ያደምጠዋል፤ የጐደለውን ይሞላለታል፤ የጠመመውን ያቀናለታል። መምህሩ የሚፈርደው ያለቀውን መልስ ብቻ አይቶ ሳይሆን ቃሉ በምን ሥርዓት እንደ ተሰካካ ሰምቶ ነው። የሒሳብ መምህርም ቀይ ቀለሙን ከማንሣቱ በፊት ተማሪውን «ይህን እንዴት አድርገህ አገኘኸው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ በሚሰማው መልስ ውስጥ የስሕተቱን ሥር ያገኘዋል። ጥያቄውም ለተሳሳተው ብቻ መሆን የለበትም፤ ልክ ለሠራውም ሊቀርብለት ይገባል፤ በንባብ ብቻ ልክ የሠራ አለና።

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ ይነሣል። አንደኛው «በአንድ ክፍል ውስጥ 60ና ከዚያም በላይ ተማሪ ለያዘ መምህር የእያንዳንዱን ቃል መስማት አይቻለውም» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ የመምህራኑንም ሸክም አቃልለን አናይም። ነገር ግን 60 ተማሪዎች 60 ዓይነት አይሳሳቱም። ከላይ እንዳየነው ስሕተት ሥርዓት አለው፤ በአንድ ጥያቄ የተሳሳቱት ቢሰበሰቡ ብዙ ጊዜ ከ4 ወይም ከ5 ዓይነት አይበልጡም። መምህሩ ከየዓይነቱ አንዳንድ መርጦ፣ የማንንም ስም ሳይጠራ በሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ «ይህን የጻፈው ሰው ምን አስቦ ነው? ከየት ላይስ ሳተ?» ብሎ ክፍሉን ሁሉ ቢያከራክር፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 60ውን ሊያስተምር ይችላል። የተሳሳተውም ሳያፍር ይማራል።

ሁለተኛው መቃወሚያ «በቃል መያዝን ልታስቀሩ ነውን?» የሚል ነው። አይደለም። የማባዛትን ሰንጠረዥ በቃሉ ያልያዘ ተማሪ በየደረጃው እየቆመ ሲቈጥር ዋናው ነገር ይጠፋበታል፤ አእምሮ የሚይዘው ጥቂት ስለ ሆነ በቃል የተያዘው ነገር ስፍራ ያስለቅቅለታል። ንባብ የሌለው ሰው ትርጓሜ ሊማር እንደማይችል ሁሉ ሰንጠረዡን ያልያዘም አልጀብራ ሊማር ይቸገራል። የምንለው ንባቡ ይቅር ሳይሆን ትርጓሜው ይጨመር ነው።

ስለዚህ ለሦስት ወገኖች አሳባችንን እናቀርባለን። የትምህርት ሥራ ኃላፊዎች በየትምህርት ቤቱ ሲዞሩ የውጤት መዝገብን ብቻ ተመልክተው አይመለሱ፤ ከተማሪዎቹ ደብተር ጥቂቱን ገልጠው የተሰረዘው መልስ ከምን እንደ መጣ መምህሩን ይጠይቁ። ከብሔራዊ ፈተናም በኋላ ስንት ሰው ወደቀ ከማለት ጋር በየትኛው ጥያቄ የትኛው የተሳሳተ መልስ እንደ በዛ ተለይቶ ለመምህራን ቢገለጥ፣ ያ ጽሑፍ ከብዙ ምክር ይልቅ ይጠቅማል። የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆችም በመምህሩ መምሪያ ውስጥ በየምዕራፉ ተማሪዎች የሚሳሳቱባቸውን መንገዶች ከነምክንያታቸው ቢጽፉላቸው፣ አዲሱ መምህር በብዙ ዓመት ድካም የሚያገኘውን ዕውቀት በመጀመሪያው ዓመት ያገኘዋል።

ካህናትና የአብነት መምህራንም በዚህ ሥራ ታላቅ ድርሻ አላቸው። በመገደፍና በማባዛት ዘመንን የሚያሰላ ትምህርት በእጃቸው አለ። ባሕረ ሐሳብን ሲያስተምሩ «አንዱን ትተህ» የሚለውን ቃል «ለምን?» ከሚል ጥያቄ ጋር ቢያስተምሩት፣ ደቀ መዝሙሩ የዘመኑን ቍጥር ብቻ ሳይሆን የማሰብን ሥርዓት ይዞ ይወጣል። እንዲህ ያለው ልጅ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ቢሄድ በሒሳብ አይደነግጥም።

ወላጅም ቢሆን ሒሳብ ባያውቅ እንኳ የሚያደርገው አለው። ልጁ ዜሮ ይዞ ሲመጣ «ስንት አገኘህ?» ብሎ ከመቈጣት «ይህን ምን አስበህ ጻፍኸው?» ብሎ ቢጠይቀው ወጪ የለውም። ልጁ ለአባቱ ወይም ለእናቱ ሲያስረዳ ስሕተቱን ራሱ የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሰነፍ ነህ የተባለ ልጅ ውሎ አድሮ ቃሉን ያምነዋል፤ ካመነውም በኋላ ከሒሳብ ይሸሻል። ከሒሳብ የሸሸ ልጅ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ የገንዘብ መርማሪ፣ የመሬት ቀያሽ የሚሆንበት በር ይዘጋበታል። አገሩም በ403ና በ158 መካከል ሊቀና ይችል በነበረ አንድ ትንሽ ስሕተት ምክንያት አንድ ሰው ታጣለች። ይህ ኪሣራ በማንኛውም መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ስለዚህም ማንም አያየውም። ስሕተትን በሩቁ መሰረዝ ቀላል ነው፤ ቀርቦ ማንበብ ግን የመምህርነት ሥራ ነው። ልጆቻችን የሳቱበትን መንገድ አንብበን የመመለሻውን መንገድ ማሳየት የሁላችንም ግዴታ ነው።